ማንኪራ ላይ የሣልኩት ውሃ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ልጅ ማርታ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ቤት ሰነበተች። የሕንፃ ንድፍ ተምራ የጨረሰች ልጅ ናት። አሁን አንድ ሰው ወደ ዋጫ በሚወስደው መንገድ ዳር ሊሠራው ያሰበውን የእንግዳ ማረፊያ እየሣለች ነው። በእርሳስ እንዳይመስላችሁ፤ በኮምፒውተር ነው። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን ዕቃ ሁሉ ወደ አልጋዬ አዛውራ ማሽኗን ዘረጋች፤ ከዚያ ወዲያ ቤቴ ቀኑን ሙሉ እም ሲል ዋለ።

«አባባ፣ እስቲ ይዩልኝ» አለችኝ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ።

መነጽሬን አድርጌ ጠጋ አልኩ። ግድግዳው ድንጋይ ነው፤ በእጄ የዳሰስኩት ያህል ሻካራነቱ ታወቀኝ። የበረንዳው እንጨት፣ ሣሩ፣ የጣሪያው ጥላ፣ ሁሉም እውነት ነው። «የት ሄደሽ ነው ፎቶ ያነሣሽው?» ብላት ሳቀችብኝ። «ገና መሠረቱም አልተቆፈረም እኮ!»

ግን ከፊት ያለው ሰፊ መስታወትና ከሥሩ ያለው የውሃ ገንዳ ነገሩን አበላሽተውታል። መስታወቱ የተወለወለ ቆርቆሮ፣ ውሃው ደግሞ መሬት ላይ የተነጠፈ ላስቲክ መስሎ ታየኝ። ላስከፋት ስላልፈለግሁ ድንጋዩን ብቻ አደነቅሁላት። እሷ ግን አውቃዋለች።

«ሦስት ቀን ሙሉ ከዚህ ውሃ ጋር ተጣላሁ» አለች። «ቀለሙን ቀየርኩ፤ ሞገዱን ቀነስኩ፤ ብርሃን ውሃ ውስጥ ሲገባ ስንት እንደሚታጠፍ የሚነግረውን ቁጥር ሳይቀር አስገባሁ። አንዱን ሬንደር ለማድረግ አንድ ሰዓት እጠብቃለሁ፤ ሲወጣ ያው ላስቲክ ነው።» ሬንደር የምትለው ማሽኑ ብርሃኑንና ጥላውን አስልቶ ሥዕሉን የሚያወጣበትን ሥራ እንደሆነ እሷ በሰነበተችበት ጊዜ ገብቶኝ ነበር።

«ከመስታወቱ ፊት ለፊት ምን አለ?» አልኳት።

«ምን ማለት?»

«መስታወቱ ምን ያያል ማለቴ ነው።»

«ምንም። ባዶ ነው። ሥዕሉ ውስጥ የማይገባውን ነገር ለምን እሠራለሁ?»

ሳላስበው ሳቅ አመለጠኝ። ቅር እንዳይላት ብዬ ወንበር ሳብኩና ይህን ታሪክ ነገርኳት።

ያኔ ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ቢሆን ነው። ከአራተኛ ክፍል ትምህርቴን ትቼ ቦንጋ ውስጥ የሱቅ ሰሌዳ እጽፍ ነበር። ለሥጋ ቤቱ በሬ፣ ለልብስ ሰፊው መቀስ፣ ለፀጉር አስተካካዩ ጢሙን የተላጨ ሰው እሥላለሁ። አባቴ በጸሐፊነት ተመድበው ከሰሜን መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ነበሩ፤ ቀጥ ያለውን የእጅ ጽሑፍ ከእሳቸው ወረስኩ። የአገሩን ቋንቋ ካፊኖኖን ያስተማረኝ ግን ሠፈሩ ነው። ያደግሁት ሁለቱንም እየሰማሁ ነው፤ ስቆጣ በአንዱ፣ ስቀልድ በሌላው።

በዚያ ዘመን አንድ መሥሪያ ቤት ማንኪራ በሚባለው የጫካ መንደር ለገበሬዎች የመሠልጠኛ አዳራሽ ሊሠራ ተነሣ። ሥራውን የያዘው ኢንጂነር ዳዊት የሚባል፣ ከእኔ ብዙ የማይበልጥ፣ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ልጅ ነበር። ልጅ ልበለው እንጂ ያኔ እኔ «እርስዎ» ነበር የምለው። አዳራሹ የሚቆመው ከመንደሩ ምንጭ አጠገብ ነው። ምንጩ ከድንጋይ ሥር ወጥቶ ሰፋ ያለ ኩሬ ይሠራል፤ ሰዉ የሚጠጣውም ከዚያ ነው። የአዳራሹ የፊት ግድግዳ ከዳር እስከ ዳር መስታወት ሆኖ ወደ ኩሬው እንዲያይ ነው ኢንጂነሩ ያቀደው። መንደሩ ካልተስማማ ግን ሥራው አይጀመርም፤ መስማማት ካልቻሉም አዳራሹ ወደ ሌላ ወረዳ ሊዛወር ነው። ሰዉ ደግሞ አዳራሹን አልጠላውም። ዝናብ እየወረደበት ቆሞ ትምህርት መስማት ሰልችቶታል።

ችግሩ የኢንጂነሩን ፕላን የሚያነብ ሰው አለመኖሩ ነው። መሥመር በመሥመር ላይ ነው። ስለዚህ ኢንጂነሩ እኔ ዘንድ መጣና «ዘውዴ፣ እንዳለቀ አድርገህ ሣልልኝ፤ ሕንፃውን፣ መስታወቱን፣ ውሃውን፣ ሁሉንም» አለኝ። ቁመቴን የሚያህል ስስ የጣውላ ሰሌዳ ሰጠኝ።

የምችለውን ሁሉ አደረግሁ። ግድግዳውን በፕላኑ ልክ አሠመርኩ። ዳር ዳሩን ዛፍ ሞላሁት። መስታወቱ ጋ ስደርስ ምን ላድርግ? እንዲህ ያለ ሰፊ መስታወት ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። በግድግዳ ካላንደር ላይ እንዳየሁት ሰማያዊ ቀባሁት። ኩሬውንም ሰማያዊ ቀባሁና ነጭ ነጭ ሞገድ ጣል ጣል አደረግሁበት። ኢንጂነሩ አይቶ «ግሩም!» አለ። እኔም ግሩም መሰለኝ።

መስከረም ቢጠባም እኛ አገር ዝናቡ ወር አይቆጥርም። መኪና እስከሚገባበት ድረስ ሄደን፣ ከዚያ ሰሌዳውን በላስቲክ ጠቅልዬ በጭንቅላቴ ተሸክሜ በጫካው ውስጥ በእግር ገባን። መንገዱ የበሰበሰ ቅጠል ይሸታል። የቡናው ቅርንጫፍ በየእርምጃው ሰሌዳውን እየያዘ ያስቀረኛል፤ ኢንጂነሩ ከኋላዬ «ቀስ! ጥግ ጥጉን!» ይላል፤ እሱ ራሱ ሁለት ጊዜ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀምጧል።

ሰዉ ተሰብስቦ ጠበቀን። ሰሌዳውን ከአንድ ግንድ ጋር አስደግፈን ላስቲኩን ገለጥነው። ቀድመው የተነሡት አቶ ሻዎ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። አቶ ሻዎ ንብ አርቢ ናቸው። ከኩሬው ማዶ ያሉት አምስት ትልልቅ ዛፎች በአባታቸው በኩል የእሳቸው ናቸው፤ ቀፎዎቻቸውንም የሚሰቅሉት እዚያ ላይ ነው። ዛፎቹ ጌተም የሚባሉት፣ ከአበባቸው ነጭ ማር የሚገኝባቸው ናቸው። ሽማግሌው ሰሌዳው ሥር ቁጢጥ ብለው ውሃውን ብዙ አዩት። ከዚያ ዞረው በካፊኖኖ ለሰዉ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ሰዉ አጉረመረመ። ለኢንጂነሩ ደግሞ በአማርኛ ደገሙለት።

«ዛፎቼን ምን አደረጋችኋቸው?»

«አሉ እኮ አባቴ! ያውና ከጎን የተሣሉት።»

«ከጎን ያሉትን አየሁ። ከማዶ ያሉትን ነው የጠየቅሁት።»

«ማዶው ሥዕሉ ውስጥ አይገባም።»

«ውሃው ውስጥ ይገባል» አሉ አቶ ሻዎ። «የኛ ውሃ ጥቁር ነው። ዛፍ ከላይ ስላለ ሰማይ አይቶ አያውቅም። ይሄ ሰማያዊ ሆኗል። ሰማይ ካየ ዛፉ ተቆርጧል።»

ከኋላ ደግሞ አንዲት እናት «መስኮቱ ላይ የሰቀሉት አንሶላ ነው? ውስጥ የተኛች አራስ አለች እንዴ?» ስትል ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። እኔ መሬት ብትከፈት ጥልቅ ባልኩ። ስብሰባው ያለ ስምምነት ተበተነ። ለሁለት ሳምንት ቀጠሩን፤ ያ የመጨረሻው ነው።

«አየህ ያደረግኸውን?» አለኝ ኢንጂነሩ። «ዛፍ ተቆርጧል አሰኘኸኝ!»

«ውሃ ሰማያዊ አይደለም እንዴ?» አልኩ። ወዲያው ግን ዞር ብዬ ኩሬውን ሳየው ሽማግሌው እውነታቸውን ነው። ሰማያዊ የሚባል ነገር የለበትም። ሲያዩት ጥቁር ነው፤ ሲጠጉት ደግሞ ጥቁርም አይደለም። ያን ጊዜ እልህ ያዘኝ። «እርስዎ ይሂዱ። እኔ ይህን ውሃ ሳላውቀው ከዚህ አልነቃነቅም» አልኩት።

ሦስት ቀን አቶ ሻዎ ቤት ሰነበትኩ። ጠዋት ቆጮ በጎመን በልቼ ኩሬው ዳር እቀመጣለሁ፤ ሲዘንብ የእንሰት ቅጠል ጭንቅላቴ ላይ አደርጋለሁ። ውሃ ሊቀዱ የሚመጡት ሴቶች «ዛሬስ አልሸሸም?» እያሉ ያልፉኛል። አቶ ሻዎ ቀፎ ለማየት ሲመጡ ከአጠገቤ ይቆሙና «አየኸው?» ይሉኛል። «ገና ነው» እላለሁ። «አይዞህ፣ ውሃው የትም አይሄድም» ይሉኛል።

በመጀመሪያው ቀን ያገኘሁት ይህን ነው፦ ወደ እግሬ ሥር ቀጥ ብዬ ሳይ ጠጠሩና የወደቀው ቅጠል ይታየኛል። ዓይኔን ቀስ እያደረግሁ ሳርቀው ግን ጠጠሩ እየጠፋ፣ እየጠፋ ይሄድና ማዶ ጋ ውሃው ራሱን ይዘጋል፤ በጠጠሩ ፋንታ ዛፎቹ ተገልብጠው ይቆማሉ። እኔ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ቀብቼው ነበር። በሁለተኛው ቀን የተገለበጠው ዛፍ ከቆመው ዛፍ ይልቅ ጠቆር ያለ መሆኑን አየሁ። ነፋስ ሽው ሲል ደግሞ ምስሉ ወደ ጎን አይበተንም፤ ወደ እኔ ይረዝማል። በሦስተኛው ቀን ውሃው የራሱ ቀለም የሌለው መሆኑ ገባኝ። ያለው ሁሉ ወይ ከሥሩ ነው፣ ወይ ከፊት ለፊቱ ነው። ይህን ስነግራቸው አቶ ሻዎ ነጭ ማር ከነሰፈፉ በቅጠል አድርገው ሰጡኝና «ለዚህ ነው ሦስት ቀን?» ብለው ሳቁብኝ።

ቦንጋ ተመልሼ መስታወት ፍለጋ ገባሁ። በከተማው ሰፊ መስታወት የነበረው እትዬ አስካለ ሻይ ቤት ብቻ ነው። ጠዋት ሄጄ ፊት ለፊቱ ተገተርኩ። ከኋላዬ ያለው ነጭ ሰማይ በወደቀበት በኩል ውስጡ አይታይም። የእኔ ጥላና የመንገዱ ማዶ ባሕር ዛፍ በወደቀበት በኩል ግን ወንበሩም፣ ብርጭቆውም፣ ሻይ የሚጠጣው ሰውዬም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ያ ሁሉ ሰማያዊ ቀለሜ አሳፈረኝ። ሰፊው መስታወት ከሁለት ቁራጭ የተገጠመ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ እኩል አልተገጠሙም፤ አንዱ ትንሽ ያጋደለ ስለሆነ ባሕር ዛፉ መጋጠሚያው ላይ ተሰብሮ በሌላው ላይ ከፍ ብሎ ይቀጥላል።

«ዘውዴ!» አሉኝ እትዬ አስካለ ብቅ ብለው፤ «ወይ ግባ፣ ወይ ሂድ! ሰዉ ሻዩን መዋጥ አቃተው። ምን ቸግሮህ ነው የምታፈጥበት?»

«መስታወቱን ነው እንጂ ሰውን አላየሁም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው አብረህ አጽዳልኝ» ብለው ጨርቅ ሰጡኝ። አጸዳሁት።

አሁን ሁሉንም አወቅሁ ብዬ ሰሌዳውን በነጭ ቀለም ሸፍኜ እንደገና ጀመርኩ። ሕንፃው አለቀ። መስታወቱ ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። ከዚህ መስታወት ፊት ለፊት ምን እንደሚቆም ካላወቅሁ ምንም ልሥል አልችልም። ማዶው ዛሬ ዛፍ ነው፤ ሕንፃው ሲያልቅስ? ብሩሹን ቀለም በሚያለቅቀው አኳራጅ ውስጥ ነክሬ ኢንጂነሩ ቢሮ ሄድኩ።

«ኢንጂነር፣ ከኩሬው ማዶ ምንድን ነው የሚሆነው?»

ፕላኑን ዘረጋልኝ። ጣቱ ማዶ ላይ ሄዶ አንድ ክብ ነገር ላይ ቆመ። «የመኪና መዞሪያ ነው» አለ።

«ዛፎቹስ?»

ፕላኑ ላይ ፈለጋቸው። ፕላኑ የተሠራው አዲስ አበባ ነው፤ ዛፎቹ እላዩ ላይ የሉም። አምስቱም ከክቡ ውስጥ ናቸው። ለካስ እኔ ባለማወቅ የቀባሁት ሰማያዊ እውነቱን ነው የተናገረው። አቶ ሻዎ ፕላን ሳያነቡ ፕላኑን አንብበውታል።

ኢንጂነሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ቀኑ ደርሶበታል፤ አለቆቹም ይጠብቁታል። «ስማኝ ዘውዴ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አሁን መሣል ችለሃል። ዛፎቹን ውሃው ውስጥ አድርግልኝ። ሥዕል ነው እኮ። ሌላው በኋላ ይታያል።»

እውነቱን ልናገር፤ ለአፍታ አጓጓኝ። ያን ጥቁር ውሃ የምሥልበት እጅ አግኝቻለሁ፤ ብሥለው አቶ ሻዎ ራሳቸው ያምኑኛል። የከበደኝም ይኸው ነው። መጀመሪያ ስሳሳት ያላመኑኝ አለመቻሌን አይተው ነው። አሁን የሚያምኑኝ ስለቻልኩ ነው፤ እንዲያዩም ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ያበሉኝም እሳቸው ናቸው።

«ዛፎቹ ከቀሩ እሥላቸዋለሁ፤ ካልቀሩ ደግሞ ሰማዩን እሥላለሁ» አልኩት። «እርስዎ ይወስኑና ይንገሩኝ።»

«ሌላ ሠዓሊ እፈልጋለሁ።»

«ይፈልጉ። ቦንጋ ውስጥ በሬ የሚሥል እንኳ ከእኔ ሌላ የለም።»

ቀልዴ አላሳቀውም፤ አባረረኝ። በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳዬን ተሸክሜ ቢሮው በር ላይ ተቀመጥኩ። በበነጋውም። በሦስተኛውም። አልተጨቃጨቅሁም፤ ሲገባ «እንደምን አደሩ»፣ ሲወጣ «ደህና ይዋሉ» እላለሁ። የመስታወቱና የውሃው ቦታ ነጩን እንደሆነ ነው፤ ባለጉዳይ ሁሉ እያየ «ይሄ ለምን አላለቀም?» ይላል። «ኢንጂነሩን እየጠበቅሁ ነው» እላለሁ። በአራተኛው ቀን ኢንጂነሩ ወጥቶ አጠገቤ ቆመ።

«ቦት ጫማ አለህ?» አለኝ።

«የለኝም።»

«እኔም የለኝም። ተነሣ እንሂድ።»

ያን ቀን ማንኪራ ድረስ ሄደን እሱ በሜትር፣ እኔ የገመድ ጫፍ ይዤለት እስኪመሽ ለካን። መዞሪያው ወደ ላይ፣ ሜዳው ጋ ሊወጣ ይችላል፤ ሰዉ ከመኪና ወርዶ ጥቂት ቁልቁለት ይሄዳል እንጂ ሌላ ጉዳት የለውም። አራቱ ዛፎች ተረፉ። አምስተኛዋ ግን፣ ከዳር ያለችው፣ መንገዱ የግድ በእሷ ላይ ያልፋል። ገደልና ድንጋይ መካከል ናት። ኢንጂነሩ ሦስት ጊዜ ለክቶ ሜትሩን ጠቀለለና «አልቻልኩም» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አመንኩት።

ስብሰባው ሁለት ቀን ሲቀረው ሥዕሉን ጨረስኩ። ከእግር ሥር ጠጠሩን አሳየሁ፤ ወደ ማዶ አራቱን ዛፎች ጥቁር አድርጌ ገለበጥኳቸው፤ መስታወቱ ላይም እነዚያኑ ዛፎች አቆምኩና በጥላቸው ውስጥ የአዳራሹን አግዳሚ ወንበሮች አሳየሁ። አምስተኛዋ በነበረችበት በኩል ውሃው ውስጥ የሰማይ ቀዳዳ ተውኩ። ነጭ፣ ቀጭን።

በቀጠሮው ቀን ላስቲኩን ስንገልጠው አንድ ሕፃን ሮጦ መጥቶ ውሃውን በጣቱ ነካ፤ ቀለሙ ጠብቆ አልደረቀም ነበርና ጣቱን አይቶ ለእናቱ አሳየ። ሰዉ ሳቀ። አቶ ሻዎ ግን አልሳቁም። እንደ በፊቱ ቁጢጥ ብለው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያሉ ቆጠሩ። ከዚያ ጣታቸው ነጩ ላይ ቆመ።

«ይቺኛዋ?» አሉኝ፤ ኢንጂነሩን አይደለም፣ እኔን።

«ትሄዳለች፣ አባቴ።»

ሽማግሌው ወደ ማዶ ዞረው ዛፏን ራሷን አዩአት፤ ተመልሰው ነጩን አዩት።

«በእሷ ላይ ሦስት ቀፎ አለኝ» አሉ። «አበባው እስኪያልቅ አትንኳት። ከዚያ በኋላ ቀፎዎቹን እኔ ራሴ አወርዳቸዋለሁ።»

«እንጠብቃለን» አለ ኢንጂነሩ።

«እንግዲያው ሥሩ» አሉ አቶ ሻዎ። ከዚያ ለሰዉ በካፊኖኖ ረጅም ነገር ተናገሩ፤ ሰዉም ተስማማ።

ማርታ እስከዚህ ድረስ ሳታቋርጠኝ ሰማች። ማሽኗ ሥራውን ጨርሶ ዝም ብሏል፤ እሷ ግን አላየችውም። «አባባ» አለችኝ፣ «ተሠርቶ ሲያልቅ ሄደው አዩት?»

አይቼዋለሁ። በሁለተኛው ዓመት ነው የሄድኩት። አራቱ ዛፎች እንደቆሙ ነበሩ፤ መስታወቱ ውስጥም ቆመው ነበር። ኩሬው ላይ ግን አምስተኛዋ በነበረችበት በኩል የሚታየው ሰማይ እኔ ከሣልኩት ሦስት እጥፍ ይሰፋ ነበር። የዛፏን ግንድ ለክቼ ነበር እንጂ ቅርንጫፏ ምን ያህል ሰማይ ይዞ እንደነበር አላሰብኩም። አቶ ሻዎ አብረውኝ ቆመው ነበር። ሰፊውን ብርሃን አይተው እኔን አዩኝ። ከዚያ ቤት ወስደው አበሉኝ።

ስፋቱን ስሥለው አላወቅሁም ነበር ብዬ ለራሴ ብዙ ዓመት ነግሬያለሁ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር፤ ከአራተኛ ክፍል የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ግን ሦስት ቀን ሙሉ ያን ውሃ ያየሁ ሰው ነኝ። ሰዉ እንዲስማማ፣ አዳራሹም እንዲሠራ፣ እኔም እንዳላፍር ስል እጄ በራሱ አጥብቦት ይሆናል። ዛሬ አቶ ሻዎ የሉም፤ ልጠይቃቸው ብል ዘግይቻለሁ። በሕይወት ቢኖሩም የሚመልሱልኝ አይመስለኝም። እሳቸው ያን ቀን ያዩት ሥዕሉን ብቻ አልነበረም፤ ወደ ዛፏም ዞረው አይተዋታል። ምናልባት ስፋቱን ያኔውኑ አውቀው ነው የፈቀዱት። እኔ ግን ልነግራቸው ይገባ ነበር።

ይህን ስነግራት ማርታ ወደ ማሽኗ ዞረች። «ከማረፊያው ፊት ለፊት ምን እንዳለ አላውቅም እኮ» አለች ቀስ ብላ፤ «የላኩልኝ ቦታውን ብቻ ነው።»

«ከዚህ ሩቅ አይደለም» አልኳት፤ ጉልበቴን ይዤ ተነሣሁና ከዘራዬን ፈለግሁ።